የአናጢው ግራ ስፒከር

እኛ ግቢ ሲገቡ ሁለተኛው ቤት የአናጢው ነው፤ ሦስተኛው የእኔ። በመሃላችን ያለው ግድግዳ ስስ ነው። እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከቤቴ ሳልወጣ ነው። ስለዚህ አሁን የማወራውን ማንም አልነገረኝም፤ ግድግዳው ነው የነገረኝ። ግድግዳው የደበቀብኝን ደግሞ ገብቼ ጠይቄያለሁ።

አናጢው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እንጨት ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ መጋዝ ላይ ቆሞ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ የወጣው አሥሩም ጣቶቹ ሳይጎድሉ ነው፤ በዚያ ሥራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው አሉ። ነገረ ሥራው ሁሉ በልክ ነው። የሰው ቤት ገብቶ በር ሲንቋቋ ካየ ሻይ አይጠጣም፤ ዓይኑ ማጠፊያው ላይ ተተክሎ ይቀራል። ሚስቱ ደግሞ ትንሽ ሴት ናት፣ ሹራብ ትሠራለች፣ እጇ ሲሠራ አፏም አብሮ ይሠራል። በዚህ ግቢ እንደሷ ወሬ የሚያሳምር የለም፤ ከኔ በቀር ማለቴ ነው። አርባ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሌላ ከተማ ያለችው ሴት ልጃቸው ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ላከችላቸው። ምስሉ የሰው ቆዳ ላይ ያለውን ፀጉር ሳይቀር ያሳያል። ድምፁ ግን የለም። ማለቴ አለ፣ ግን ጣሳ ውስጥ የገባ ዝንብ ይመስላል። አናጢው ሁለት ቀን ታገሠ። በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር ካለችው ሱቅ፣ ካቻቢቴ ጋ ሄደ።

ካቻቢቴ የምንለው ሬዲዮ ጠጋኙን ነው። ሌላው ሰው እርሳስ በሚሰካበት ጆሮው ላይ እሱ ካቻቢቴ ይሰካል። ሱቁ ውስጥ የማይሠራ ነገር ተከምሮ ጣሪያ ደርሷል፤ ከዚያ መሃል የሚሠራ ነገር መዞ ያወጣል።

«ሆም ቴአትር ነው የምፈልገው» አለው አናጢው።

«ጋሼ፣ ብር አለዎት?»

«የለኝም።»

«በጣም ጥሩ። ብር ያለው ሰው አይሰማኝም፤ ትልቁን ካርቶን ተሸክሞ ይሄዳል። እንግዲህ ይስሙኝ። አንድ ላይ አይግዙ። መጀመሪያ የፊት ስፒከሮቹን፤ ግራ፣ ቀኝና መሃል። እነዚህ ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ይሁኑ። የኋላዎቹ የአጎት ልጅም ቢሆኑ ማንም አይጠይቅዎትም።»

«ለምንድን ነው የአንድ እናት?»

«ፊልም ላይ ሰውየው እያወራ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ መሃል ላይ ድምፁ ከተቀየረ፣ እርስዎ ሌላ ሰው የገባ መስሎዎት በሩን ያያሉ።»

ይሄ ለአናጢው ገባው። እሱም ጠረጴዛ ሲሠራ አራቱን እግር ከአንድ ግንድ ነው የሚያወጣው። ወራት ፈጀ እንጂ ሦስቱንም አገኘ፤ ቤታቸው የተሰባበረ፣ ድምፃቸው ግን ደህና የሆነ። ከተራረፈ ኮምፔንሳቶ አዲስ ሳጥን ሠራላቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻቸው፣ ቫርኒሽ ቀባቸው። ሲጨርስ መንትያ ነው የሚመስሉት፤ ያውም የሦስት።

መጀመሪያ የተከፈተ ቀን እኔም ተጠርቼ ነበር። ባልጠራም እገባ ነበር። አናጢው መሃል ባለው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሶፋው በግራው በኩል ነው፤ ሚስቱ እዚያ ናት፣ ከነሹራቧ። እኔ በቀኙ፣ በሩ አጠገብ፣ የእንግዳ ወንበር ላይ። ፊልሙ ተጀመረ። ፈረስ መጣ፣ ዝናብ ዘነበ፣ ሰው ተኮሰ። እኔ ደነገጥኩ፤ ሚስቱም ደነገጠች። እሱ ግን አንገቱን ዘመም አድርጎ ቆየና፣

«ግራው ይደክማል» አለ።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህች ቃል ነው።

ካቻቢቴ ተጠርቶ መጣ። ጆሮውን ለጠፈ፣ ገመድ ቀያየረ፣ የግራውን ቀኝ፣ የቀኙን ግራ አደረገ። «ጋሼ፣ እኩል ናቸው» አለ።

«አሁንም ግራው ይደክማል።»

«ያሁኑ ግራ እኮ የቅድሙ ቀኝ ነው።»

«እንግዲያው ግድግዳው ነው የሚውጠው።» ግድግዳው ማለት የኔ ግድግዳ ነው። «እኔን መስማት ታስተምረኛለህ እንዴ? የመጋዝ ጥርስ ሲደነዝዝ ሌላው ሳያይ እኔ በድምፁ ነበር የማውቀው።»

ካቻቢቴ ምን ይበል? ትልቅ ሰው ነው፣ ያውም ደንበኛ። አነስተኛውን የግራ ስፒከር መልሶ ወሰደና ከተዘጋ ጭፈራ ቤት የተገኘ ሌላ፣ ከፍ ያለ አመጣለት። ትንሹን ፀጉር ቤቱ ገዛው። አናጢው ሰማ፣ ሰማና፣ «ትንሽ ተሽሎታል፤ ግን ይደክማል» አለ። ከስምንት ወር በኋላ እሱም ተለውጦ የባሰ ትልቅ መጣ። ቀኙ ያው ትንሹ ነው። ቤቱ በአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ፣ በአንዱ ቦቲ ያደረገ ሰው መሰለ። ፊልሙ ላይ ሰውየው ከቀኝ ሲነሳ ሰው ሆኖ ይነሳል፤ ግራ ሲደርስ በሬ ሆኖ ይደርሳል። የኔ ብርጭቆዎች መደርደሪያ ላይ መሄድ ጀመሩ።

ሚስቱ ደግሞ እዚያው ግራ ናት፤ ጆሮዋ ሥር ነው የሚያጓራው።

«ቀንሰው» ትለዋለች።

ፊልሙን ያያል።

«ቀንሰው አልኩ እኮ!»

«እሺ» ይላል። አይቀንስም።

ወደ እኔ ትመጣና ሆዷን ትዘረግፋለች። «እትዬ፣ ይሄ ሰው ዘግቶኛል። ስድስት ዓመት ሆነው። ጣሪያው ያፈሳል አልኩት፣ እሺ አለ፤ ባልዲ የምደቅነው እኔ። እህቴ ሆስፒታል ገባች አልኩት፤ እሺ ብሎኝ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። የሰው ልጅ እህቴ ሞት አፋፍ ላይ ናት ሲባል እሺ ይላል?»

«ምናልባት አልሰማሽ ይሆናላ።»

«ሲፈልግማ ይሰማል! ማታ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ስንቀመጥ ጨው አነሰው ብዬ ሳልጨርስ ይመልስልኛል። ሆዱ ሲርበው ጆሮው ይከፈታል፤ ሲጠግብ እኔ የለሁም።»

እኔም አመንኳት። ለምን አላምናት? እኔ ቤታቸው ገብቼ ከበሩ አጠገብ ሆኜ ሳዋራው ሁሉን ይመልስልኛል፤ በለሆሳስ ያልኩትን ሳይቀር። ለኔ የሚሰማ ሰው ለሚስቱ ካልሰማ ንቀት ነው። ይሄንኑ ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት፣ ልብስ ሰፊዋ ለዳቦ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ ለሠፈሩ። አናጢው ሚስቱን ይንቃል ተባለ። ሰላምታ የከለከሉት ሴቶችም አሉ። እሱ ይሄንንም አላወቀም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልምጣ። በተጋቡበት ዓመት አናጢው አንድ ሚስማር ሳይመታ የሠራው የምግብ ጠረጴዛ ነበራቸው። ጥርሱ እርስ በርሱ ተነካክሶ የቆመ፣ ሁለት ሰው ቢቆምበት የማይነቃነቅ። አራተኛው የግራ ስፒከር በተገኘ ጊዜ አናጢው እጅ ላይ ምንም ብር አልነበረም። ካቻቢቴ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ያውቃል፤ ሰውየው ጠረጴዛውን አይቶት ወዶታል። ጠረጴዛው ይሂድ፣ ስፒከሩ ይምጣ ተባለ።

አናጢው ሚስቱን ሳይጠይቅ የሚያደርግ ሰው አይደለም። ጠየቃት። ግን የጠየቃት ሶፋው ላይ እያለች ነው፣ እሱ ወንበሩ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ። በግድግዳው በኩል ቃል በቃል ሰምቻለሁ።

«ጠረጴዛውን ልስጠው እንዴ? እዚሁ ፊልም እያየን እንበላለን።»

«ጠረጴዛዬንማ ከነካህ እኔን እዚህ ቤት አታገኘኝም!»

«እሺ፣ እንግዲያው ተስማማን።»

በነጋታው ሁለት ሰው መጥቶ ጠረጴዛውን ይዞ ወጣ።

ሚስቱ ወደ እኔ ስትመጣ ታለቅሳለች ብዬ መሀረብ አዘጋጅቼ ነበር። አላለቀሰችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ክሯን ጠቀለለች።

«ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ፒክአፑን ይዞ ይመጣል። እህቴ ጋ እሄዳለሁ።»

«ለስንት ቀን?»

«ቀን አልቆጥርም።»

«ለሱ ነገርሽው?»

«ነገርኩታ።»

«እና ምን አለሽ?»

«እሺ አለኝ።»

ዓርብ ዕለት ገባሁ። ሚስቱ ክር ልትገዛ ወጥታለች። ሚስቱ ልትሄድበት አንድ ቀን የቀረው ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም። በሩ አጠገብ ያለው ወንበሬ ላይ የአዲሱ ስፒከር ሽቦና ቁርጥራጭ እንጨት ተቆልሏል። ስለዚህ አልፌ ሶፋው ላይ፣ የሚስቱ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ሳንቃ እየለካ ነው።

«ሚስትህ ነገ ልትሄድ ነው አይደል?» አልኩት።

«እሺ» አለና ፈገግ አለ።

ይሄስ ልብ የለውም አልኩ። ቆይቼ ደግሞ፣ «የግቢው በር ወድቆ ዘበኛውን ገደለው» አልኩት።

«እሺ፣ ጥሩ ነው።»

ዘበኛ እንኳ የለንም። ብግን አልኩ። «አንተ ብል የበላህ ሳንቃ!» አልኩት፣ በግልጽ።

«እሺ እትዬ።»

ተነሳሁ። በፊቱ አልፌ ወደ በሩ ስሄድ ያንኑ ስድብ ለራሴ አጉተመተምኩ፤ ከንፈሬ እንኳ በደንብ አልተንቀሳቀሰም። በቀኙ በኩል ነበርኩ።

«ማንን ነው ብል የበላው የምትዪው?» ብሎ ዘሎ ተነሳ።

ሶፋውን አየሁ፣ በሩን አየሁ። ከዚያ ወጣሁ።

ያኔውኑ ልናገር እችል ነበር። ግን ለሱ «ግራ ጆሮህ አይሰማም» ብለው፣ መጋዝ በድምፁ የሚለይ ሰው፣ ቤቱ ዳግም አያስገባኝም። ለሷ ብነግራት፣ «አንቺም ለሱ ወገንሽ?» ትለኛለች። ሁለቱም ባሉበት፣ በዓይናቸው ካላዩት አይሆንም። ቅዳሜ ካቻቢቴ ይመጣል፣ ፒክአፑም ይመጣል። አንድ ቀን ነው፤ ቆየሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፒክአፑ በር ላይ ቆመ፤ የእህቷ ልጅ ጡሩምባ ይነፋል። ሚስቱ መኝታ ቤት ሻንጣ ትዘጋለች። ሳሎን ውስጥ ካቻቢቴና አናጢው ቁምሳጥን የሚያህል ስፒከር በግራ በኩል አቁመው ገመድ ያስገባሉ። እኔ ገባሁ።

ተከፈተ። መስኮቱ ተርገበገበ፣ ከኮርኒሱ አፈር ወረደ። ካቻቢቴ ሁለት ጆሮውን ያዘ። አናጢው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ዘመም አደረገ።

«አሁንም ይደክማል።»

«ጋሼ!» አለ ካቻቢቴ፤ ሊያለቅስ ነበር። «ከዚህ በላይ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚገኘው!»

«ቆይ» አልኩ እኔ። «ወንበርህን አዙረው።»

«ምን?»

«ወንበርህን አዙርና ለቴሌቪዥኑ ጀርባህን ስጠው።»

«እትዬ፣ ደህና ነሽ? ሰው በማጅራቱ ፊልም ያያል?»

«ላሮጊት ብለህ አንዴ አዙረው፤ ከዚያ አልነዘንዝህም።»

አልነዘንዝህም ያልኩት ሳያጓጓው አልቀረም፤ አዞረው። ተቀመጠ። ወዲያው ቀኝ እጁን ጆሮው ላይ ጫነ።

«ኧረ ቀንሱት! ጆሮዬን በጠሰው!» ወደ ትንሹ ስፒከር ዞረ። «ይሄኛው ደግሞ ምን ሆነ? ትንሹ ጠፋ እኮ። አሁን ትንሹ ነው የሚደክመው።»

ካቻቢቴ ብልህ ልጅ ነው። ቴሌቪዥኑን አጠፋ። በዝግታ ወደ አናጢው ግራ ሄደና ከጆሮው አንድ ክንድ ርቆ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሱቄን ከነዕቃው በነፃ ልሰጥዎት አስቤያለሁ።»

«እሺ» አለ አናጢው።

ማንም አልሳቀም። ካቻቢቴ ዞሮ ፊት ለፊቱ ቆመ። «ጋሼ፣ ፋብሪካ እያሉ መጋዙ በየት በኩልዎ ነበር?»

የአናጢው ግራ እጅ ራሷ ተነሳችና ጆሮው አጠገብ ሄዳ ቆመች። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን አልነበረም፤ የለካው ሳንቃ አንድ ጣት ያጠረበት ሰው ፊት ነው።

ሚስቱ ሻንጣ ይዛ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ከየት ጀምሮ እንዳየች አላውቅም። ሻንጣውን አስቀመጠች። መጥታ በግራው ቆመች።

«እህቴ ሆስፒታል ገባች ብዬህ ነበር» አለች።

እሱ ወለሉን እንዳየ ነው።

በጀርባው ዞራ ወደ ቀኙ ሄደች። ድምፅ አልጨመረችም።

«እህቴ ሆስፒታል ገባች ብዬህ ነበር።»

ቀና አለ። «እህትሽ? ሆስፒታል? መቼ?»

«የዛሬ አራት ዓመት።»

«እና... ተሻላት?»

«ልጇ ውጭ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ውጣና ጠይቀው።»

ካቻቢቴ ጥርሱን ነክሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ግድግዳ አልፈለግኩም፤ ሳቅኩ።

«አውቀህ ነው?» አለችው። «ግራህ እንደማይሰማ ታውቅ ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄ! አንቺ ነሽ እንጂ ድምፅሽን የቀነስሽው። ያኮረፍሽ መስሎኝ ነበር። አንዳንዴ ዘወር ስል አፍሽ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማም። ተቆጥታ ለራሷ ነው የምታወራው አልኩ። እሺ ማለት ይሻላል ብዬ...»

«ስድስት ዓመት?»

«መቼ እንደሚበርድልሽ ስጠብቅ ነበር።»

እንግዲህ ይሄን አንዳንዱ ያምናል፣ አንዳንዱ አያምንም። ልብስ ሰፊዋ አታምንም። እኔ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ወንድ ልጅ ሲዋሽ ከዚህ የተሻለ ነገር ነው የሚፈጥረው።

የእህቷ ልጅ ጡሩምባው ሰልችቶት ገባ። «አክስቴ፣ እንሂድ እንጂ! መኪናውን እኮ እስከ ስድስት ሰዓት መልሳት ተብዬ ነው።»

እሷ ባሏን አየች፣ ሻንጣውን አየች። ስትቆርጥ አየኋት፤ እንደ ጨርቅ ነው የቆረጠችው።

«አንተ ሂድ» አለችው። «እናትህን በሌላ ጊዜ እመጣለሁ በልልኝ። ይሄ ሰው ስድስት ዓመት ያወራሁትን አልሰማም። እንዲሁ ባክኖ አይቀርም፤ ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ።»

«ሁሉንም?» አለ አናጢው።

«ሁሉንም።»

«ዋና ዋናውን ብቻ ብትነግሪኝስ?»

«ዋና ዋና ያልሆነ ነገር አውርቼ አላውቅም።»

ካቻቢቴ ያን ቁምሳጥን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ። በር ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎ በጣም ርካሹ ነገር ተገኝቷል» አለ። «ቀኙና መሃሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ከዚህ ሌላ አያስፈልግዎትም።» ጠረጴዛውን ግን ማስመለስ አልቻለም፤ የምግብ ቤቱ ሰውዬ እግሩን አሳጥሮ ቀለም ቀብቶታል። አናጢው ይሄን ሲሰማ ከጆሮው ይልቅ ለጠረጴዛው አዘነ።

ጆሮ ሐኪም ጋም ሄደው ነበር። ግራው አይመለስም፣ ቀኙን ጠብቅ አለው። ሶፋው ወደ ቀኝ ተዛወረ። የኔ ወንበር ወደ ግራ ተገፋ፤ አሁን ከሱ ጋር ለማውራት ተነስቼ መዞር አለብኝ፣ ጉልበቴ ደግሞ እንደ ድሮ አይደለም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምሰድበው ግን ከዚያ ነው።

ሚስቱ ከሰዓት በኋላ ሹራቧን ይዛ ትቀመጣለች፣ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ከመጀመሪያው ዓመት ዝናብ፣ ከጣሪያው ነው የጀመረችው። እኔም ሁሉን ያኔ የሰማሁት ቢሆንም ሄጄ እሰማለሁ፤ የምትዘለው ነገር እንዳለ ለማየት። እስካሁን ሁለት ነገር ዘላለች። ሁለቱም እኔን የተመለከቱ ናቸው፤ ስለዚህ አላስታወስኳትም። እሱ ደግሞ ዝም ብሎ አይሰማም። ሁሉ ነገር በልኩ ካልገጠመ አያልፍም። «ቆይ፣ ይሄ ከባልዲው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» «ያንቺ እህት ያኔ የትኛው ቤት ነበር የምትኖረው?» ይላል። እሷ ተበሳጭታ መርፌዋን ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ግን ትመልስለታለች።

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ዓመት ላይ ደርሳ ነበር። አንድ ቀን አልገጠመልኝም ብሎ ወደ ሁለተኛው መልሷታል።